ገና አልተደገመም

ባለፈው ወር አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች። የሚድ ውጤት መስሎኝ ነበር። አይደለም። «ከመጻፍ እንጀራ ይወጣል?»

«ይወጣል፤ ወጡን ግን ከሌላ ቤት ነው የምታመጪው» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁና ወደ ቀጣዩ ክፍል ሮጥኩ። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ልጅቷ ከልቧ ጠይቃኝ በቀልድ ሸኘኋት። እና ይሄን የምጽፈው ለእሷ ነው። ሌላውም ሰው እግረ መንገዱን ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ አማርኛና ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። የትኛው እንደሆነ ይቅር፤ ወደ ታች የማማቸው ሰዎች አሉ። ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል አሳትሜያለሁ። አንድ ረጅም ልብ ወለድ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ አላልቅ ብሎኛል።

የተወለድኩት ደንበጫ ነው። ደንበጫ ሲባል ጎጃምን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው አረቄ ነው። እናቴም አረቄ አውጪ ናት። ፊደል ያስቆጠረችኝም፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ድረስ ልካ ያስተማረችኝም በአረቄ ነው። ልጅ ሆኜ ይሄን ለሰው መናገር አፍር ነበር። አሁን ክፍል ውስጥ ሳይቀር አወራዋለሁ።

እናቴ ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች። ጌሾው፣ ብቅሉና ዳጉሳው ተደፍድፎ ሰንብቷል። ድፍድፉን እንስራ ውስጥ ትገለብጥና እሳት ታነዳለች። የእንስራውን አፍ በጭቃ ትመርጋለች። እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈው ዕቃ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጠብ፣ ጠብ ማለት ይጀምራል። የእኔ ሥራ ውሃውን መቀየር ነበር። ውሃው ከሞቀ እንፋሎቱ አይጠራቀምም፤ የሌሊቱ ድካም ሁሉ በጭስ ያልቃል። በአንድ እጄ ኩራዝ፣ በአንድ እጄ መጽሐፍ ይዤ እቀመጣለሁ። አንድ ሌሊት ንባቡ ይዞኝ ሄደና ውሃው ተንተከተከ። የዚያን ዕለት የቀመስኩትን ቁንጥጫ እስካሁን ክንዴ ያስታውሰዋል።

መጀመሪያ የሚወጣው «ተራ» ነው። ተራ አረቄ ይሸጣል፤ ብዙ ሰው የሚጠጣው እሱን ነው። ደህናውን የሚፈልግ «ዳግም» ብሎ ያዝዛል። ዳግም ማለት አንዴ የወጣው አረቄ ተመልሶ እንስራ ገብቶ፣ እንደገና እሳት ነዶበት የሚወጣው ነው። ከብዙ ተራ ትንሽ ዳግም ነው የሚገኘው። እናቴ ጠብታ ትወስድና እሳት ላይ ጣል ታደርገዋለች። ቦግ ካለ ደረሰ። ካላለ «ገና ነው» ትላለች። ከዚያ በላይ አትናገርም። አትቆጣም፤ አታዝንም። እንጨት ትጨምራለች።

ወንድሟ ደግሞ የቅኔ መምህር ናቸው። የተማሩት ደብረ ኤልያስ ነው። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም፣ እህታቸውም። ሁለቱ ብዙም አይጣጣሙም። እሳቸው አረቄ ቤት አይገቡም። እሷም «ቅኔ ልጅ አያሳድግም» ትላለች። ምሳቸው ግን አንድም ቀን ሳይላክ ቀርቶ አያውቅም። አመላላሿ እኔ ነበርኩ። አገልግሉን ይዤ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ግን ቶሎ አልመለስም። አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ የቅኔ ተማሪዎቹን አያለሁ።

የቅኔ ቤት ቀን እንዲህ ነው። ጠዋት ተማሪዎቹ ለምዳቸውን ደርበው እያንዳንዳቸው ወደየጥሻቸው ይበተናሉ። ቆጠራ ይባላል። አንዱ ከዛፍ ሥር፣ አንዱ ከመቃብር ድንጋይ ጀርባ፣ አንዱ ወንዙ ዳር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይሰማም። ወረቀት የለም። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው አንድ በአንድ የኔታ ፊት ይቆማሉ፤ የቆጠሩትን ይናገራሉ። ነገራ ይሉታል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተገናኘ፣ እዚያው ላይ ያቆሙታል። ጀማሪው በሁለት ቤቷ፣ ማለትም በሁለት ስንኟ፣ ጉባኤ ቃና ይነሳል፤ እያደገ ሄዶ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል።

አንድ ቀን ደፍሬ «የኔታ፣ ሴት ቅኔ ትማራለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እማሆይ ገላነሽ ምን ነበሩ ታዲያ?» አሉኝ። እማሆይ ገላነሽ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ እዚሁ ጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው። የዚያን ጊዜ ስማቸውን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሁለት ክረምት ተማርኩ። ዘአምላኪየ ላይ ደረስኩና ቀረሁ፤ ያም ሦስት ቤት ነው። ከዚያ በላይ የሚያስኬድ የግዕዝ ግስም አገባብም አልነበረኝም።

ከዚያ ሁሉ ግን አንድ ቀን አይረሳኝም። ቆጠራው አልሆን አለኝ። አንድ ጎበዝ ልጅ በዋዜማው የተናገራትን ጉባኤ ቃና አስታወስኩና አንዲት ቃል ለውጬ የኔታ ፊት ቆምኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ይቺን ትናንት ሰማኋት። ዛሬ ምን አለሽ?» አሉ። ምንም አልነበረኝም። «እንግዲያስ ተመልሰሽ ሂጅ» አሉኝና ተረኛውን ጠሩ። በቅኔ ቤት የተነገረ ቅኔ ተነግሯል፤ ለነገ አይቀመጥም። ነገ አዲስ ነው የሚፈለገው።

ልብ በሉ፤ እናቴ ድገሚው ትላለች፣ የኔታ እንዳትደግሚው ይላሉ። በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው ያደግሁት። ማን ልክ እንደሆነ ለማወቅ ዕድሜዬ እየሄደ ነው።

ስለ ሥራው አገባቤ ብዙ የሚወራ የለም። ተመረቅሁ፤ ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ረዳት ምሩቅ ሆኜ ተቀጠርኩ። ማስተርሴን ስይዝ ሌክቸረር ሆንኩ። ደመወዙን ታውቁታላችሁ፤ የቤት ኪራይ ሲከፈል የሚተርፈውን መቁጠር ትቻለሁ። ሎዴ 12 ክሬዲት ነው። ሰው ሲጎድል ኦቨርሎድ ይጨመርበታል።

ከኮርሶቹ አንዱ የፈጠራ ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ ሲሰጠኝ በደስታ ልዘል ነበር። ክፍል ገብቼ ስቆጥር 58 ተማሪ። ግማሹ አማርኛን ሁለተኛም ሦስተኛም ምርጫው አላደረገም፤ ተመድቦ ነው የመጣው። አንዱ እንደውም በግልጽ ነገረኝ፤ «ቲቸር፣ አገር ቤት ምን ተማርክ ሲሉኝ አማርኛ ስል፣ ስትሄድ አትችልም ነበር እንዴ ይሉኛል»። ምን ይባላል?

የመጀመሪያውን ዓመት እንደማንኛውም ኮርስ አስተማርኩት። ሴራ ምንድን ነው፣ ገጸ ባሕርይ ምንድን ነው፣ መቼት ምንድን ነው። ስላይድ አዘጋጀሁ። ተማሪዎቹ ሸመደዱ፤ ፈተናውን በደንብ ሠሩት። በመጨረሻ አንድ አንድ አጭር ልብ ወለድ እንዲያመጡ አዘዝኩ። እያነበብኩ ስሄድ ከ20ኛው ላይ ቆም አልኩ። ከባሕር ዳርቻ ዳር ቪላ ውስጥ የምትኖር፣ ዝናቡን በመስኮት እያየች ቡና የምትጠጣ ማክዳ የምትባል ሴት። የት ነው የማውቃት? ከታች ካሉት ወረቀቶች ውስጥ አገኘኋት፤ እዚያ ስሟ ሶልያና ነበር። ቪላው ያው፣ ዝናቡ ያው፣ ቡናው ያው። ሁለቱም ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነው የገለበጧት።

መናደድ ነበረብኝ። ግን የራሴ ጉባኤ ቃና ትዝ አለችኝ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት መጥራት ጀመርኩ። አስገዳጅ አይደለም፤ ክፍያም የለውም። ስምንት ስምንት እያደረግኩ በተራ። ከላይብረሪው ጀርባ የባሕር ዛፍ ጫካ አለ። እናቴ ቆሎ የላከችበት አገልግል ቤቴ ተቀምጦ ነበር፤ እሱን ይዤ እመጣለሁ። ስልካቸውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ይከታሉ፤ እከድነዋለሁ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ይበተናሉ። አንድ እስክርቢቶ፣ አንድ ወረቀት። ሲመለሱ ቆመው ያነባሉ። ከግማሽ ገጽ በላይ አይፈቀድም። ሌሎቹ ዝም ብለው ይሰማሉ። እኔ ከሰማሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ግቢው ሁሉ ሳቀብኝ። የጥበቃ ሠራተኛው መጥቶ «ምነው፣ ጸበል ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አገልግሉን አይቶ።

ማክዳን ገልብጦ ያመጣው ልጅ በሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። ስለ ገለበጠው ነገር አላነሳሁበትም፤ እሱም አላነሳም። ጫካው ውስጥ ቆይቶ ቆይቶ አራት መስመር ይዞ ተመለሰ። አንብቦልን ነበር፤ እንደማስታውሰው ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ አባቱ እስከ መነኸሪያው ሸኙት። በረባሷቸውን ለእሱ ሰጥተውት ስለነበር በባዶ እግራቸው ናቸው። የሰፈር ሰው እንዳያይባቸው ወደ ኋላ ቀረት ብለው፣ ሣር ሣሩን ነበር የሚራመዱት።

ማንም አልተናገረም። ደህና ነበር፤ ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል። ምን እንደሆነ ለማግኘት ትንሽ ቆየሁ። «የአባትህ እግር ካንተ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኩት። «ይበልጣል፤ በብዙ» አለ። «ታዲያ እሱ ጽሑፍህ ውስጥ የት አለ?» ዝም አለ። ወረቀቱን ይዞ ተመልሶ ወደ ዛፎቹ ገባ። ሲመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ነበር። ጫማው ሰፍቶት እየወለቀ ስላስቸገረው ጨርቅ ጠቅጥቆበት ነበር የሄደው። ጨርቁ የእናቱ አሮጌ ሻሽ ነው። አውቶቡስ ላይ ሲወጣ የሻሹ ጫፍ ከተረከዙ ሥር ወጥቶ ይታይ ነበር፤ አባቱ ከታች ሆነው በእጃቸው እያመለከቱ «አስገባው፣ አስገባው» አሉት። የመጨረሻ ንግግራቸው እሱ ሆነ።

ይሄን ልጅ ያን ቀን ምን አስተማርኩት? የእግር ልክ ነው የጠየቅሁት። ሴራ፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ የሚል ቃል አልወጣኝም። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። አገልግል ገዝቻለሁ ብሎ ፎቶ ልኮልኝ ነበር።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጎጃም ላይ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ። እሱን እዚህ አልገባበትም። መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ቅዳሜዎቹ አልተቋረጡም ነበር፤ ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ በነበሩባቸው ጊዜያት ሁሉ። እንደውም ስልክ ባዶ በሆነበት ሰሞን የሚመጣው ሰው በዛ።

አሁን ወደ ሐሜቱ። መድበሌ ታትሞ እንደወጣ ለማዕረግ ዕድገት አስገባሁት። 142 ገጽ ነው። ኮሚቴው ተሰበሰበ። መልሱ መጣ፤ «ይህ ጥናት አይደለም»። አይደለም፤ አውቃለሁ። አንዱ የኮሚቴ አባል በኋላ ላውንጅ ውስጥ አግኝቶኝ እያዘነልኝ መከረኝ። «ስለ አጭር ልብ ወለድ አንድ አርቲክል ጻፊ፤ ስምንት ዘጠኝ ገጽ ይበቃል፤ እሱ ይቆጠርልሻል» አለኝ። ስለ ልብ ወለድ ብጽፍ ይቆጠራል፤ ልብ ወለድ ብጽፍ አይቆጠርም። ስለ ወጥ የሚጽፈው ተሾመ፤ ወጥ ሠሪዋ ጭስ ቤት ቀረች። መጨረሻ ላይ መጽሐፌን በማኅበረሰብ አገልግሎት ዓምድ ሥር አስገቡልኝ፤ ችግኝ ተከላ ከሚገባበት ጋር። ሳልስቅ ማለፍ አልቻልኩም።

አርቲክሉን ጻፍኩት እንዴ? አዎ፤ ጻፍኩት። ኩሩ አይደለሁም። ስለ ነገራ ጻፍኩ፤ የኔታን ቁጭ አድርጌ ሦስት ቀን ጠየቅኋቸው። እሱ ተቆጠረልኝ። ሲታተም ወስጄ አሳየኋቸው። ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ይሄ ሁሉ ወረቀት ቂጥሽን ምድር ላይ አድርገሽ ቁጠሪ ለማለት ነው?» አሉ። ነው፤ ነው እንጂ።

ስለ ማሳተም ደግሞ ይሄን ስሚኝ፤ ልጅቷን ነው የምለው። አሳታሚ ሲባል ፎቅ ላይ የተቀመጠ፣ የእጅ ጽሑፍሽን አንብቦ ደብዳቤ የሚልክልሽ ሰው አይምሰልሽ። እኔ ያሳተምኩት ዕቁቤ ሲወጣልኝ ነው። ማተሚያ ቤቱን የከፈልኩት እኔ፣ አርታኢውን የለመንኩት እኔ፣ ካርቶኑን ከአዲስ አበባ አስጭኜ ዓባይን ያሻገርኩት እኔ። 1,000 ቅጂ። 200ውን አንድ መጽሐፍ መደብር ወሰደ፤ ሂሳቡ እስካሁን «በሚቀጥለው ሳምንት» ላይ ነው። የቀረው አልጋዬ ሥር ገባ።

ለእናቴ 50 ላክሁላት፤ ለዘመድ እንድትሰጥ። ከሁለት ወር በኋላ ደወለች። «ሌላ ላኪልኝ» አለች። «ለማን ሰጥተሽው ነው?» «እሰጣለሁ? ሸጥኩት እንጂ» አለች። የተራ መለኪያ በሚሸጥበት መደርደሪያ ላይ ደርድራው ነበር። ጠጪው መልሱን ሲጠብቅ «መልስ የለኝም፤ ይሄን ውሰድ» ትለዋለች። 43 ቅጂ በዚህ መልክ ሄደ። አንዱ ጠጪ ጠዋት ተመልሶ መጥቶ አንደኛው ታሪክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ እህቱ መሆኗን ተናግሮ ተቆጣ። እናቴ «አይደለችም» ብላ በዳግም አረቄ አስታረቀችው። ሴትዮዋ እህቱ አልነበረችም። ብትመስልም።

እና ከመጻፍ እንጀራ ይወጣል ወይ? የእኛ አገር ሰዎች እንዴት እንደኖሩ ልንገርሽ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርቱን ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ትምህርት ቤት እያስተማረ ነው ቴአትሮቹን የጻፈው፤ ተማሪዎቹም ተውነውለታል። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርም ሚኒስትርም ነበሩ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ደመወዛቸው ከብዕር አልነበረም። የእሳቸው በዛብህም ቢሆን ከማንኩሳ ተነስቶ ዲማ የተማረ የቅኔ ሰው ነው፤ በኋላም የሰው ልጅ ሊያስተምር ሰው ቤት ገባ። የዚያ ማስተማር መጨረሻ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አቤ ጉበኛ ነው ሌላውን መንገድ የሞከረው፤ የመንግሥት ሥራውን ትቶ በብዕሩ ሊኖር ወሰነ። ኑሮው ምቹ ነበር የሚል ግን አልሰማሁም።

እኔ እንደ ዮፍታሔ ነው ያደረግሁት፤ በችሎታ አላልኩም፣ በአደራረግ። ማስተማሩ ኪራዬን ይከፍላል። ሌላም ነገር ይሰጠኛል፤ ቅዳሜ ስምንት ሰው ፊቴ ቆሞ ሲያነብ እሑድ የራሴን ወረቀት ማታለል አልችልም። የሚወስደው ግን ብዙ ነው። 58 ወረቀት አርሜ የጨረስኩ ቀን የራሴ ዓረፍተ ነገር የተማሪ ዓረፍተ ነገር ይመስላል። ስለዚህ የምጽፈው ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ነው፤ እስከ 12። ሰዓቱን አስቤ የመረጥኩት አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ነው ያስተዋልኩት፤ በዚያች ሰዓት ደንበጫ ላይም እሳት እየተቀጣጠለ ነው።

ፋሲካ ላይ ቤት ሄጄ የረጅሙን ልብ ወለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ለእናቴ አነበብኩላት። ማንበብ አትችልም፤ መስማት ግን ማን ይበልጣታል። ሽንኩርት እየከተፈች ነው የሰማችኝ። አንዴ ቆም አለች፤ ሁለቴ ቆም አለች። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«የሰውየው ነገር ጥሩ ነው» አለች። «የሴትዮዋ ግን ገና አልተደገመም።»

«ምኗ?»

«እኔ ምን አውቄ። እሳት ላይ ጣልኩት፤ ቦግ አላለም።»

ልክ ነበረች። ሴትዮዋን ከሰውየው አጠገብ ያስቀመጥኳት እሱ የሚያናግረው ሰው እንዲያገኝ ብቻ ነበር። ተመልሼ እንስራ ውስጥ ከተትኳት። አምስተኛ ጊዜዋ ነው።

የኔታ ይሄን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አምስት ጊዜ ከምትደግሚ አምስት አዲስ አትቆጥሪም?» አሉኝ። ከእናቴ ጋር ተያዩ። ምሳ ቀረበና ተረሳ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠያቂዋ ልጅ ጫካው ጋ መጣች። ተራዋ አልነበረም። ስልኳን አውጥታ አገልግሉ ውስጥ አስቀመጠች፤ ወረቀት ለመነችኝ፤ ሰጠኋት። ወደ ወንዙ አቅጣጫ ወረደች። አንድ ሰዓቱ አለቀ። ስምንቱም ተመልሰው አነበቡ፤ ስልካቸውን ይዘው ሄዱ። እሷ አልመጣችም። ስልኳ አገልግሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ከዛፎቹ መሀል ነጠላዋ ይታየኛል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምሳ ሰዓት እያለፈ ነው። አልጠራኋትም።